ክሩ አልተቆረጠም

ዓርብ፣ ነሐሴ 16
ከወርክሾፑ፣ ከበሩ ትይዩ ካለው ጠረጴዛ

ለእልኸኛዋ ልጄ፣

የኋላ ጎማሽ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። አራት ሽቦ ተሰብሯል፤ አራቱም በካቴናው በኩል ያሉት ናቸው። ዙሪያው ያለው የብረት ቸርኬ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ሰማያዊው ክር እንዳለ ነው።

ጤናሽን መጠየቅ ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደሜ ሲፈላ ስለሰነበተ መጀመሪያ ልቆጣሽ፤ ጤናሽን በኋላ እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በሚሄደው ሳጥን ውስጥ ይህ ደብዳቤ፣ አዲስ የኋላ ጎማና ሌሎች ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች አሉ። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ጎማውን እንዳትገጥሚ። ታውቂኛለሽ፣ ይህን የምልሽ በልመና አይደለም።

ጎማውን ያመጣው ፖስተኛው ነው። በሚያዝያ የገዛ ጎማው ሽቦ በጥሶ ሲመለስልኝ በደንበኛ ፊት "እኔ ጎማ የምሠራው ለሰው እንጂ ለጎሽ አይደለም" ብዬ ያዋረድኩት ያው ሰውዬ። ካርቶኑን ስቀድ ቆሞ ያያል። ሂድ ብለውም አይሄድም።

"ከልጅዎ ነው አይደል፣ እትዬ?"

"ከእሷ ነው።"

አጎንብሶ የተሰበሩትን ሽቦዎች ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

"የልጅዎ ክብደት ስንት ነው?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"እንግዲያ እሷም ጎሽ ናታ!"

አባትሽ ከቀለም ክፍሉ መስታወት ኋላ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቅ አየሁት። ፖስተኛውን አላባረርኩትም። 

ከጎማው ጋር የላክሻትን ወረቀት አራት ጊዜ አነበብኳት። ስድስት መስመር ናት። እንዲህ ትላለች፦ "እማዬ፣ ሐምሌ 20 አንድ ሽቦ ተሰበረ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አራተኛው ሲሄድ ጎማው መዞር አቆመና የቀረችኝን ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሬ ገፋሁት። መለዋወጫ ሽቦም ቁልፍም ነበረኝ። ያንቺ ክር ስላለበት ግን አልነካሁትም። ወደ እጅሽ መልሼዋለሁ።"

አልነካሁትም!

አራት ጊዜ ያነበብኳት ስላልገባችኝ አይደለም። በአምስተኛው ቀድጄ ልጥላት ስል አባትሽ ከእጄ ነጠቀኝና ኪሱ ከተታት። እስካሁን እዚያው ናት፤ ሲቀመጥ ትንኮሻኮሻለች ይላል።

ሕጉን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ እኔንም አያትሽ። እስቲ ልድገምልሽና የት ላይ እንደሳትሽ ራስሽ እዪው። አያትሽ አንድ ጎማ ሠርቶ ሲጨርስ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ ያዳምጣል። በአንድ በኩል ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጡት ጎማው ተስማማ ማለት ነው። ዓይን ይሸነገላል። ሲሽከረከር ቀጥ ያለ በሚመስል ጎማ ውስጥ አንዱ ሽቦ የሁለት ሽቦ ሸክም ተሸክሞ፣ ጎረቤቱ ላልቶ ሥራ ፈት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ሸክም የበዛበት ቀን ቆጥሮ ይበጠሳል። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። አያትሽ ሰምቶ ሲጠግብ፣ አየር መሙያው አጠገብ ባለው ሽቦ ላይ ሰማያዊ ክር በሁለት ቋጠሮ ያስራል። "ይህን ጎማ ሰምቼዋለሁ" ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጎማ ላይ ሌላ ሰው ቁልፍ አያሳርፍም። ችግር ካለ ጎማው ወዳሰረው እጅ ይመለሳል፤ ክሩንም የሚቆርጠው ያሰረው ሰው ነው።

ሕጉ ይኸው ነው። የወጣው ግን ለዚህ ሰፈር ነው። ደንበኛው ጎማውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ለሚመጣበት ሰፈር! አያትሽ እንደ አንቺ ቁልፍ በኪሷ፣ ስድስት መለዋወጫ ሽቦ በብስክሌቷ አካል፣ ቴላዮዋ ላይ ታስሮላት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ መሀል "ክር አለበት" ብላ የምትቆም የልጅ ልጅ ትኖረኛለች ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ከመቃብሩ ተነስቶ ቢያይሽ ክሩን በጥርሱ ይበጥሰው ነበር።

በሐምሌ የጻፍሽውን ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። እንዲህ ብለሽ ነበር፦ "ሜዳው ማለቂያ የለውም። ዛፎቹ ከጉልበቴ አይበልጡም። ድንጋይ፣ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ብስክሌት የምነዳ ሳይሆን ግድግዳ የምገፋ ይመስለኛል፤ ትናንት በስምንት ሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ነው የሄድኩት። ፀሐይዋ ዳር ዳሩን ትንከባለላለች እንጂ አትጠልቅም፤ ስለዚህ መሸ የምለው ሲደክመኝ ነው። አንድ ቁራ ከትናንት ጀምሮ ይከተለኛል፣ ምሳ እመስለዋለሁ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሰው አላየሁም። ነፋሱ ሲተኛ ጸጥታው ይገርምሻል፤ የገዛ ጎማዬን እሰማለሁ። በየዙሩ አንድ ጊዜ ጢቅ ይላል።"

ያን ጊዜ ስለ ቁራውና ስለ ድንኳንሽ ተጨንቄ የመጨረሻዋን መስመር አልፌያት ሄድኩ። ጢቅ ይላል! የላላ ሽቦ ድምፅ እንደሆነ አንቺ አጥተሽው ነው? ስምንት ዓመትሽ ላይ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠሽ "እማዬ፣ ዘጠነኛው ታሟል" ትዪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጎማሽ አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ይሄዳል። የመጀመሪያው ሽቦ ከተሰበረበት ቦታ አሁን ያለሽበት የመንገድ ጥገና ጣቢያ እስክትደርሺ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ ዙር ይሆናል። ጎማው ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ ጊዜ ነገረሽ። እኔ ያሰርኩት የጣት ርዝመት ክር በለጠብሽ።

የጣቢያው መንገድ ጠባቂ ለአባትሽ በስልክ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? "ልጅቷ የኋላውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በፊት ጎማው ብቻ እየገፋች ከነፋሱ ውስጥ ወጣች። ከሩቅ የቆሰለ አውሬ የምትጎትት መስላኝ ነበር" ነው ያለው። አባትሽ ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ።

በሰኔ፣ የሄድሽ ዕለት ጠዋት፣ ብስክሌቱ በዕቃ ተጭኖ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባትሽ ነበር፣ ፖስተኛው ነበር፣ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንቺ ተንበርክከሽ የኋላውን ጎማ ሽቦዎች በጥፍርሽ መታሽ። እንደገና መታሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ "እማዬ፣ ይሄኛው ወፈር ብሎ ነው የሚጮኸው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቀጭን ነው" አልሽኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። "ክሩ ይታይሻል? ይታይሻል ወይ? እንግዲያው ውጪልኝ ከዚህ፣ መንገድሽን ጀምሪ" አልኩ።

አንቺም ተነሳሽ። ጉልበትሽን አራገፍሽ። ሳምሽኝና ሄድሽ።

ለምን ዝም አልሽ? ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀምሮ ስትከራከሪኝ ኖረሻል። ስለ ጸጉርሽ ተከራከርሽኝ። ስለ ትምህርትሽ ተከራከርሽኝ። ስለዚያ ጺማም እጮኛሽ ሁለት ዓመት ተከራከርሽኝ፤ ስትተዪው ደግሞ ተውሽው ብዬ ስደሰት ተከራከርሽኝ። ስለዚህ ጉዞ ብቻ ስምንት ወር ተጨቃጭቀናል፤ አባትሽ በመሀላችን ሆኖ ጸጉሩ አልቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሙሉ በሙሉ ልክ የሆንሽበት አንድ ጠዋት ቢኖር ያ ነው፤ መርጠሽ መርጠሽ በዚያ ጠዋት እናትሽን አከበርሽ! ክብርሽን ውሰጂልኝ። ያን ዕለት በሰው ፊት "እናቴ፣ ተሳስተሻል፣ እኔ በዚህ ጎማ አልሄድም" ብለሽ ብስክሌቱን መሬት ላይ ብትወረውሪው ኖሮ አንድ ወር አኩርፌሽ እረሳው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጎማውን ይዤ ነጭ ጓንት ጋ ሄድኩ።

አዎ፣ እሱ ጋ። አባትሽ ደንግጦ ብሩሹን ጣለ። ከአያትሽ ሥር አብረን የተማርነው፣ በውጥረት መለኪያው የተነሳ አያትሽ ዕቃውን ከነሳጥኑ ደጅ የወረወረበት፣ "ጎማ በቴርሞሜትር የሚያክም" እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ስሙን ያጠፋሁት ያው ነጭ ጓንት። ደንበኞቹ እስኪወጡ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ስገባ ጓንቱን እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም አልሞተም። መለኪያህን አምጣ።"

"የትኛውን? አባትሽ የወረወረውን ነው አዲሱን?"

"አፍህን ዝጋና አምጣው።"

ጎማውን ማቆሚያው ላይ ሰቀለው። ቁልፉን አነሳ፤ ክሩን አየና እጁን ሰበሰበ።

"ክሩ አልተቆረጠም" አለ።

"ቁረጠው እንግዲህ፤ ሱቁ ያንተ ነው።"

"እቴ፣ እኔ ከአባትሽ ጋር የተጣላሁት በመለኪያው ነው፤ በክሩ አልተጣላንም። ያሰርሽው አንቺ ነሽ።"

መቀስ አቀበለኝ። ቆረጥኩት። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ ሰው ፊት ክሬን ስቆርጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም እሱ ፊት።

ከዚያ ሁለት ሽቦ በጥፍሩ መታ። "እነዚህ አንድ ናቸው?" አለኝ።

"አንድ ናቸው።"

ሌላ ሁለት መታ። "እነዚህስ?"

"አንድ ናቸው አልኩህ። ፈተና ነው እንዴ?"

መለኪያውን አሳረፈና መርፌውን አሳየኝ። አንዱ መቶ ሃያ፤ በዚያው በኩል ቀጥሎ ያለው ሃምሳ አምስት። የመጀመሪያዎቹም ከዚያ አይሻሉም። ወደ መደርደሪያው ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። "ምን አልክ?" አልኩት። ዞር አለ። ፊቴን አየ። ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀና፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ ደገመልኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመስከረም" አልኩት።

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ስድቡን ቢያወርድብኝ እችለው ነበር፤ ለእሱ የሚሆን መልስ አላጣም። ወንበር አቀረበልኝ። ልጄ፣ ከዚያ ወንበር የባሰ ስድብ እስከ ዛሬ አልተሰደብኩም። ቆሜ ቀረሁ።

ስትደውዪ ለምን ስልኩን ለአባትሽ እንደማቀብል ስንት ጊዜ ጠይቀሻል። እጄ ቅባት ነው ብዬሻለሁ። የበሩን ደወል ለምን እንዳነሳሁት ጠይቀሻል፤ ይረብሸኛል ብዬሻለሁ። ጠረጴዛዬን ለምን ወደ በሩ እንዳዞርኩት ስትጠይቂኝም ለብርሃኑ ነው ብዬሻለሁ። ሦስቱንም አምነሽ ተቀበልሽ። ወይም ያመንሽ መሰልሽ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ እስካሁን አልወሰንኩም። አባትሽ ግን ያውቅ ነበር፤ ትናንት ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "ልነግርሽ ሞክሬ ነበር" አለ፤ "ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽኝ።" በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት የሚወዱኝ ሰዎች አሉ፤ አንቺና አባትሽ፤ ሁለቱም እኔን ላለማስቀየም ሲሉ አንቺን በዚያ ጎማ ላይ አስቀመጡሽ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ልጽፍ የነበረው ይህን አልነበረም፤ ከተጻፈ ግን አልሰርዘውም።

ፖስተኛውንም "ጎሽ" ያልኩት አንጀቴ እያወቀው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ትናንት ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ነጭ ጓንት ሱቅ ውስጥ ሠራሁ። መሀል ያለው ሞዞ ያው ያንቺው ነው፤ ደህና ነው። ቸርኬው አዲስ፣ ሠላሳ ስድስቱም ሽቦ አዲስ። እጁ የእኔ ነው፣ መለኪያው የእሱ። እሱ ቁጥሩን በወረቀት ይጽፋል፣ እኔ የሽቦዋን ማጥበቂያ ዳዶ ሩብ ዙር አጠብቃለሁ፣ እሱ እንደገና ይለካል። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። ጓንት አድርጊ ሲለኝ። የሠላሳ ስድስቱ ሽቦ ቁጥር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ በአንድ በኩል ካሉት መካከል ትልቁ ልዩነት አራት ነው። አያትሽም ከዚህ የተሻለ አይሠራም። በዚህ ጎማ ስሜን አስይዛለሁ።

ክር ግን አላሰርኩበትም። አልሰማሁትማ።

ዛሬ ጠዋት የወርክሾፑ በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ "ከመስከረም ወዲህ ሰማያዊ ክር የታሰረበት ጎማ ያላችሁ መልሱልኝ። ሳታመጡ አትንዱ።" ሃያ ሦስት ጎማ ነው። ለሁሉም ደንበኞች አባትሽ ይደውላል። ቀድሞ የመጣው ፖስተኛው ነው። ጎማውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና አፉን በደንብ ከፍቶ "እትዬ፣ ጎሹ መጥቷል" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። "ኧረ ይተዉት፣ ሚስቴም በዚሁ ስም መጥራት ለምዳለች" አለ።

ከሃያ ሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የማልደርስበት። የፊት ጎማሽ።

በደንብ አንብቢ። የፊት ጎማሽን የሠራሁት የኋላው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። እጁ አንድ፣ ሳምንቱ አንድ፣ የሽቦው ጥቅል አንድ። ሸክሙ ያነሰ ስለሆነ እስካሁን ችሏል፤ ወይም ደህና ነው፤ ወይም አንድ ቁልቁለት እየጠበቀ ነው። የኋላ ጎማ ሲሞት ያስቆምሻል፤ የፊቱ ሲሞት ግን በግንባርሽ ይተክልሻል። ደህና ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አላውቅም። እኔ ስለሠራሁት ጎማ ይህን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። 

ከፊትሽ ያለው መንገድ አራት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። አንድም መንደር የለበትም። በረዶው ሊጀምር ስለሆነ ይህን ሳጥን የሚያመጣው አውቶቡስ የዓመቱ የመጨረሻው ነው። እሱ ከተመለሰ በኋላ መውጫሽ በፊትሽ ብቻ ነው። ይህን መንገድ ጠባቂው ለአባትሽ ነግሮታል፤ ለአንቺም ነግሮሻል ብዬ አምናለሁ፤ አንቺም ለእኛ አልጻፍሽልንም።

ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ መቀስ አለ። የጠረጴዛዬ ትንሿ መቀስ ናት፤ ታውቂያታለሽ፤ ጥፍርሽን ስትቆርጪባት የጮህኩብሽ። የፊት ጎማውን ክር በእሷ ቁረጪ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ፈቃዱን በዚህ ወረቀት፣ በእጅ ጽሑፌ ሰጥቼሻለሁ። ነፋስ የማይገባበት ክፍል ግቢ። መንገድ ጠባቂውን ሬዲዮውን እንዲዘጋ ንገሪው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ምቺ፣ ስሚ፣ አስተካክዪ። እኔ በሰኔ ያልኩሽን አትስሚ። አያትሽ ያለውንም አትስሚ። ጎማውን ስሚ።

ከመቀሷ ሥር የክሩ ጥቅል አለ። ሙሉው ነው፤ እዚህ ያስቀረሁት የለም። ሰምተሽ ከጠገብሽ እሰሪበት። ካልጠገብሽ ግን አትሰሪ፤ ብስክሌትሽን አውቶቡሱ ላይ ጭነሽ ነይ። በአውቶቡስ ስለመጣሽ አንድ ቃል አልልሽም ብዬ ልምል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። እላለሁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት እላለሁ። ቻዪው።

ይህንን ጉዞ ከመጀመሪያው አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም። ሰው እግሩን አሳምሞ፣ ምንም የሌለበት ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ምንም አለመኖሩን አይቶ ይመለሳል? ሆኖም በደብዳቤሽ ላይ ስለዚያ ጸጥታ የጻፍሽውን ለነጭ ጓንት አነበብኩለት፤ ለምን እንዳነበብኩለት አላውቅም። "ይህቺ ልጅ ትጨርሰዋለች" አለ። "ማን ጠየቀህ?" አልኩት። ያንቺን ጉዳይ እኔም እሱም አንወስነውም። አንቺ ወስኚ። ነገር ግን ሰምተሽ ወስኚ፤ ለእኔ ብለሽ የምትወስኚውን ነገር ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው።

አሁን ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽ? የቀኝ ጉልበትሽስ? ጣቶችሽ ይደነዝዛሉ ብለሽ ነበር፤ መሪውን አጥብቀሽ ስለምትይዢ ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደዚያ ነሽ። እየበላሽ ነው? አባትሽ ሳጥኑ ጥግ ላይ የሱፍ ካልሲ ወትፏል፤ ቀለም ነክቶታል፤ ሰላምታው ነው። እኛ ደህና ነን። ወርክሾፑ ሥራ በዝቶበታል፤ ምክንያቱን ጽፌልሻለሁ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ጨርቅ እንደማይሆን ጽፈሽልናል፤ ቢሆንም እናት ሌላ የምትለው የላትም። እግርሽን እንቅፋት፣ ፊትሽን ክፉ አያግኘው። በሄድሽበትም በምትመለሺበትም ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል።

ሳጥኑ ረቡዕ ነሐሴ 21 ይደርስሻል። በዚያው ቀን ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውዪ። አባትሽ ስልኩ አጠገብ ይሆናል። እኔም ከጎኑ ነኝ፤ የዚያን ቀን እጄ ቅባት አይሆንም። የምትይውን በወረቀት ይጽፍልኛል። አታስረዝሚው፤ ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው። አንድ ቃል ይበቃል፤ ወይ "አውቶቡስ" ወይ "መንገድ"። አውቶቡሱ በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይነሳል።

የምትቆጣሽ
እናትሽ

ይድረስ ለአንቺ ብቻ፦ ነጭ ጓንት የአንድ ሐኪም አድራሻ ጻፈልኝ፤ ሳልጠይቀው ቀጠሮም አስያዘልኝ። የምን ሐኪም እንደሆነ አትጠይቂኝ። እሱም ሐሙስ ነው፣ ነሐሴ 22፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። ወረቀቱ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። መሄድ አለመሄዴን ገና አልወሰንኩም።